አሮጌ ላይን ሌቭል ከማመንዎ በፊት

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደምበጫ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች መኸሩ ተሰብስቦ ጥርና የካቲት ላይ የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር፣ ከመጋዘን ከሚወጡት መሣሪያዎች ሁሉ ትንሿ ላይን ሌቭል ናት። ጣት የምታክል ቱቦ፣ ውስጧ ፈሳሽና አንዲት የአየር አረፋ፣ ከዳርና ከዳር በተወጠረ ሲባጎ ላይ የምትንጠለጠልባቸው ሁለት መንጠቆ፤ ሌላ ነገር የላትም። ዶማውም አካፋውም፣ ለቀናት የሚፈሰው የሰው ጉልበትም የሚከተለው ግን እሷ ያስያዘችውን መስመር ነው። ችካል በተተከለበት ይቆፈራል፣ በተቆፈረበት ይካባል፣ ክረምት ሲገባ ውኃው በዚያው ይሄዳል። ይህች መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር፣ በኪስ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ስትንገላታ፣ በከረጢት ውስጥ መዶሻ ሲያርፍባት ከርማ አንደኛው መንጠቆዋ ጥቂት ይጎብጣል። ጥቂት ስል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ማለቴ ነው። ያቺን አንድ ሚሊ ሜትር ፈልጎ ለማግኘትና ለማቃናት የሚያስፈልገው ሲባጎ፣ ሜትር፣ ፒንሳ፣ ቀጭን ሞረድና አንድ ረዳት ብቻ ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር ምን ያመጣል የሚል ካለ ሒሳቡን ይሥራው። በሁለቱ መንጠቆዎች መካከል ያለው ርቀት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ80 ሚሊ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያዘነበለች ቱቦ በ1 ሜትር 12.5 ሚሊ ሜትር፣ በተለመደው የ10 ሜትር ሲባጎ ላይ ደግሞ 12.5 ሴንቲ ሜትር ታስታለች። አሁን ይህን ከሚሠራው ሥራ ጋር ያስተያዩት። ዝናብ በሚበዛበት የጎጃም ወይና ደጋ እርከን የወረደውን ውኃ ሁሉ ይዞ እንዲያስቀር አይጠበቅም። ትርፉን ቀስ አድርጎ ወደ ማፋሰሻው እንዲያደርስ እስከ 1 በመቶ የሚደርስ ዝቅታ ይሰጠዋል፤ ይህም በ10 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ የመሣሪያዋ ስሕተት ከተፈለገው ዝቅታ በለጠ ማለት ነው። ሌቭሏ በአንድ በኩል ዞራ ከተንጠለጠለች መስመሩ በ10 ሜትር 22.5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ውኃው እየፈጠነ የእርከኑን ቦይ ያርሰዋል። በሌላው በኩል ዞራ ከተንጠለጠለች ደግሞ መስመሩ ወደ ማፋሰሻው መውረዱ ይቀርና 2.5 ሴንቲ ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ይተኛል፣ ካቡ በደከመበት ቦታ ሞልቶ ይጥሳል። 100 ሜትር በሚረዝም መስመር ላይ ሌቭሏ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከተያዘች ልዩነቱ 1.25 ሜትር ይደርሳል።

ለዚህ ነው ያገለገለች ሌቭል ላይ የሚያስፈራኝ ስሕተት የተዘበራረቀው ሳይሆን የተስተካከለ የሚመስለው ነው የምለው። ማነጣጠሪያው ተገጭቶ የዞረ ጠመንጃ ጥይቶቹን ሁሉ በአንድ ቦታ አጠጋግቶ ያሳርፋል፣ ቦታው ግን ኢላማው አይደለም፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ተኳሽ ደግሞ ግራም ቀኝም ይበትናል። በእርከን ሥራም እንደዚያው ነው። ንባቡን የሚያጣድፍ ሰው ያስተከላቸው ችካሎች አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው እባብ እንደሄደበት ይታያሉ፤ ማንም ያያቸዋል፣ ከመቆፈሩም በፊት ይስተካከላሉ። መንጠቆዋ የጎበጠ ሌቭል ያስተከለቻቸው ግን ለዓይን የሚያስደስት፣ አንድም ጉብታ የሌለው መስመር ይሠራሉ። ቆፋሪው ገበሬ አፈንግጦ የወጣ ችካል ሲያገኝ በልምዱ ይመልሰዋል፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ያዘነበለ መስመር ላይ ግን የሚመልሰው ነገር አያገኝም። ስሕተቱ ራሱን የሚገልጠው ሐምሌ ላይ ነው።

ሐምሌ ላይ ሲገለጥም ዘግይቷል፣ ምክንያቱም እርከን የአንድ ዓመት ነገር አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው እዚያው ደምበጫ ወረዳ የሚገኘው አንጀኒ ነው። የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በአንጀኒ የምርምር ጣቢያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር። 113 ሄክታር ያህል በሚሆነው በዚያ ተፋሰስ የእርሻ መሬት ላይ ፋንያ ጁ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ማለትም ከቦዩ የተቆፈረው አፈር ወደ ላይኛው በኩል እየተጣለ የሚካብ እርከን። አፈሩ በየክረምቱ ከካቡ በላይ እየተከማቸ ተዳፋቱ ቀስ በቀስ ወደ ደረጃነት ተለወጠ። ከዚህ የምንረዳው አንድ ጊዜ የተያዘ መስመር መሬቱን ለአሥርተ ዓመታት እንደሚቀርጸው ነው። በትክክል የተያዘው እየዳበረ ይሄዳል። የተዛነፈው ደግሞ በየዓመቱ በዚያው ቦታ እየተጣሰ ከሥሩ ቦረቦር ይጀምራል፣ የሚታጠበው ቀይ አፈርም በላህ፣ በብርና በፈጠም አድርጎ ዓባይ ይገባል።

ወደ ሥራው እንግባ። ፒንሳ ከማንሳትዎ በፊት ሌቭሏን በደንብ ያጥቡና ቱቦዋን በጣትዎ ይዘው ለማንቀሳቀስ ይሞክሩ። ቱቦዋ በቤቷ ውስጥ ከተንቀሳቀሰች ችግሩ ከመንጠቆው አይደለም፤ ሙጫዋ ለቅቋል። በማጣበቂያ ካላጸኗት በቀር የሚሠሩት ሁሉ ነገ ይፈርሳል። ፈሳሿ አንሶ አረፋዋ በቱቦዋ ላይ ከተሰመሩት ሁለት መስመሮች ውጪ የተዘረጋ ከሆነ ደግሞ ቱቦዋ ያፈስሳል ማለት ነውና ያስወግዷት፤ ይህች አትጠገንም። አረፋ በማለዳው ብርድ ሰፋ፣ በቀትር ሙቀት ጠበብ እንደሚል ማወቅም ይጠቅማል፤ ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ነው። ስለዚህ አረፋው አንዱን መስመር ነካ አልነካ ብለው አይፍረዱ፤ በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን ይዩ። በመጨረሻም በቱቦዋ አንድ ጫፍ ላይ በማርከር ወይም በምስማር ጭረት ምልክት ያድርጉ። ያለዚህ ምልክት የትኛው ጫፍ የት እንደነበረ ከሁለት ንባብ በኋላ ይምታታል።

ለፍተሻው በ10 ሜትር ርቀት የቆሙ ሁለት ጠንካራ ነገሮች ይምረጡ። በዚህ አገር ባሕር ዛፍ አይጠፋም፤ ሁለት ወፍራም ግንዶች ይበቃሉ፣ የአጥር ማዕዘን እንጨቶችም ይሆናሉ። ጊዜው ነፋስ ያልተነሳበት ጠዋት ይሁን። ሲባጎውን በአንደኛው ግንድ ላይ በደረት ከፍታ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ፤ ይህ ጫፍ እስከ መጨረሻው ከቦታው አይነቃነቅም። በሌላኛው ግንድ ላይ ነጭ ወረቀት ይለጥፉና ረዳትዎ ሲባጎውን በኃይል ወጥሮ በወረቀቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ያንሸራትት። ከዚያ የሲባጎውን መሃል፣ ማለትም 5ኛውን ሜትር፣ በሜትር ለክተው ቀለም ይቀቡት። መሃሉን በዓይን መገመት የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። የቱንም ያህል ቢወጠር ሲባጎ ይረግባል። ሌቭሏ መሃሉ ላይ ስትሆን ግራና ቀኙ እኩል ስለሚረግብ ጉዳት የለውም። ከመሃሉ ስትሸሽ ግን የምታነበው የሲባጎውን ርግበት ጭምር ነው፦ በመሃሉ 5 ሴንቲ ሜትር በረገበ የ10 ሜትር ሲባጎ ላይ ሌቭሏ ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ብትል ንባቡ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዛነፋል።

አሁን ሌቭሏን ምልክት ያለበትን ጫፍ ወደ ረዳትዎ አዙረው ቀለም በተቀባው ቦታ ላይ ያንጠልጥሏት። ረዳትዎ ሲባጎውን ከፍ ዝቅ እያደረገ አረፋው መሃል ላይ ሲያርፍ፣ ሲባጎው ያረፈበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ ያስምር። ከዚያ ሌቭሏን ብቻ አንስተው ይገልብጧት፤ ምልክት ያለበት ጫፍ ሲባጎው ወደታሰረበት ግንድ ይዙር። ሲባጎውም ግንዱም ያው ነው፣ የተለወጠ ሌላ ነገር የለም። አረፋው አሁንም መሃል ከሆነ ሌቭሏ ጤነኛ ናትና ችግሩን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ከሸሸ ግን ረዳትዎ እንደገና አስተካክሎ ሁለተኛ መስመር ያስምር። እውነተኛው ልክ፣ በሜትር ተለክቶ፣ በትክክል በሁለቱ መስመሮች መሃል ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሌቭሏ በመጀመሪያው ንባብ ወደ ላይ የሳተችውን ያህል ስትገለበጥ ወደ ታች ትስታለች፤ በወረቀቱ ላይ የሚያዩት ርቀትም የስሕተቷ እጥፍ ነው። ርቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በ10 ሜትር የምታስተው 12.5 ነው። ጥሩ ግንበኛ ውኃ ልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ካነበበ በኋላ ገልብጦ የሚያነበውም ለዚሁ ነው።

ይህን ንባብ በሁለቱም አቅጣጫ ሦስት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙት። እዚህ ላይ መቸኮል ያጓጓል፤ ግን ሦስቱ መስመሮች በአንድ ቦታ ተጠጋግተው ካልወደቁ የሚያቃኑት ነገር ገና አላገኙም። መበታተኑ ከነፋሱ፣ ከረዳቱ እጅ ወይም አረፋው ሳይረጋ ከማንበብ ሊሆን ይችላል። የተበታተነን ንባብ በፒንሳ ለማረም የሚነሳ ሰው ጤነኛ መንጠቆ ያበላሻል። ሦስቱ ተጠጋግተው ከወደቁና ሁለቱ ቡድኖች ተራርቀው ከተገኙ ግን ጥፋቱ የመሣሪያዋ ነው፤ መጠኑንም በእጅዎ ይዘዋል።

ማቃናቱ የሚጀምረው በመሃለኛው መስመር ነው። ረዳትዎ ሲባጎውን እዚያ ላይ ያጽናው፤ አሁን ሲባጎው በእርግጥ ልክ ስለሆነ አረፋው ከመሃል የሸሸበት ምክንያት ሌቭሏ ራሷ ናት። አረፋ ሁልጊዜ ወደ ከፍታው ይሄዳልና አረፋው የሄደበት ጫፍ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለው ጫፍ ነው። ያኛው መንጠቆ ወደ ቱቦዋ ተጨፍልቋል፣ ወይም የሌላኛው ጫፍ መንጠቆ ተስቦ ረዝሟል። የትኛው እንደተበላሸ አጠገብ ለአጠገብ ሲያስተያዩአቸው አብዛኛውን ጊዜ ይታያል፤ የተበላሸውን መንካት፣ ጤነኛውን መተው ነው። የተጨፈለቀውን በፒንሳ ከቱቦዋ ሽቅብ ይሳቡት፤ የረዘመውን ወደ ቱቦዋ ይመልሱት። ሌቭሏን ከሲባጎው ላይ አውርደው፣ ቱቦዋን ሳይሆን የመንጠቆውን ሥር በሌላ ፒንሳ ወይም በጣትዎ ደግፈው፣ እጅግ በጥቂቱ ይጠምዝዙ። ምን ያህል ጥቂት? ቀደም ሲል ባየነው ሒሳብ በ10 ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ለማረም መንጠቆው መንቀሳቀስ ያለበት 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል። ስለዚህ ጠምዝዞ ማንጠልጠል፣ አይቶ እንደገና ማውረድ ነው። አልፎ የሄደን መንጠቆ ወዲያና ወዲህ እየመለሱ ማጠፍ ብረቱን አድክሞ ይሰብረዋል።

መንጠቆው ፕላስቲክ ከሆነ ፒንሳ አያስነኩት፣ ይቀነጠሳል። የፕላስቲክ ሌቭል ብዙውን ጊዜ የምትዛነፈው በመጉበጥ ሳይሆን በመበላት ነው፦ ሲባጎው የአንዱን መንጠቆ የውስጥ ጣሪያ እየሞረደ ጎድጓዳ ያደርገዋል፤ ያ ጫፍ ዝቅ ይላል፣ አረፋውም ወደ ሌላኛው ይሸሻል። መድኃኒቱ ከፍ ያለውን ጫፍ፣ አረፋው የሄደበትን፣ የመንጠቆውን የውስጥ ጣሪያ በቀጭን ሞረድ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ እየነኩ ዝቅ ማድረግ ነው። የሞረዱት አይመለስምና ከብረቱም ይልቅ እዚህ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አረፋው በመሃለኛው መስመር ላይ መሃል ሲይዝ ሥራው አላለቀም፤ የመገልበጡን ፍተሻ ከመጀመሪያው ይድገሙት። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ከ2 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ ማለትም ስሕተቱ በ10 ሜትር ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ እዚያ ላይ ያቁሙ። ለ1 በመቶ ዝቅታ ይህ አንድ አሥረኛ ነው፤ የችካሉ አተካከልና የመሬቱ ጓል ከዚህ የበለጠ ያዛንፋል። ዝቅታው 0.5 በመቶ እንዲሆን ከተወሰነ ግን ያው 1 ሴንቲ ሜትር አንድ አምስተኛ ስለሚሆን ጥቂት መድከም ያዋጣል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል። የመጀመሪያው፣ ይህ ሁሉ ድካም ለዚህች ርካሽ ዕቃ ነው ወይ፣ አዲስ አይገዛም ወይ የሚል ነው። ይገዛ። ነገር ግን አዲሷም ከሱቅ ስትወጣ ልክ ስለመሆኗ ከመገልበጥ ሌላ ማስረጃ የለም፤ ወድቃ በተነሳች ቁጥርም ጥያቄው እንደ አዲስ ይነሳል። ፍተሻውን የማያውቅ ባለሙያ አዲስ ሌቭል ሲሰጠው የሚለወጠው ስሕተቱ እንጂ አለማወቁ አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ የጎጃም ገበሬ ላይን ሌቭል ሳይኖር በማረሻ ፈሰስ እያወጣ ውኃውን ከማሳው ሲያስወጣ ኖሯል፣ ዓይኑ ይበቃዋል የሚል። ገበሬው ውኃ የት እንደሚወርድ፣ የትኛው ማሳ እንደሚታጠብ ከማንም በላይ ያውቃል፤ መስመሩ የት ይጀምር፣ የት ይውጣ በሚለው ላይ ቃሉ መሰማት አለበት። ዓይን የማይችለው ከ100 አንዱን መለየት ነው። በተዳፋት ላይ የቆመ ሰው ልክ የሚመስለውን የሚወስነው ከፊቱ ካለው ገመገም ጋር እያስተያየ ነው፤ ገመገሙ ሲያዘነብል ዓይኑም አብሮት ያዘነብላል። ፈሰስም ቢሆን ማረሻው በቀናው ሲወጣ ብዙ ጊዜ ዝቅታው ይበዛና ራሱ የቦረቦር መነሻ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ ሌቭሏን በየ10 ሜትሩ እየገለበጡ መሥራት ስሕተቱን ያጣፋል፣ መጠገን አያስፈልግም የሚል ነው። እውነት ነው፤ አንዱ እርምጃ ወደ ላይ የሳተውን ቀጣዩ ወደ ታች በመሳት ይመልሰዋል፤ የ100 ሜትሩ መስመር ጫፍ በትክክለኛው ቦታ ይገኛል። ፒንሳ በሌለበት ቦታ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ግን በመካከል ያሉት ችካሎች እየተፈራረቁ ስለሚዛነፉ ከመቆፈሩ በፊት በዓይን ማለስለስ ይፈልጋሉ፤ ደግሞም ዘዴው የሚሠራው ያዡ አንድም ጊዜ ሳይረሳ ከገለበጠ ነው። በቀን ስንት ጊዜ እጅ የምትቀያይር መሣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ማስታወስን መጠበቅ ይከብዳል። የተጠገነች ሌቭል ማንም ቢይዛት ያው ናት።

ሌቭሏ ከዳነች በኋላ የቀሩት በሥራው ላይ የሲባጎው ጫፎች የሚታሰሩባቸው ሁለቱ የምልክት እንጨቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ሌቭሏ የምትወቀሰው በእነሱ ጥፋት ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አቁመው ምልክቶቻቸው እኩል መሆናቸውን ይዩ። የአንዱ እግር ተበልቶ ወይም እንደ ችካል ተሹሎ ከሆነ በለሰለሰ አፈር ውስጥ ይሰምጣል፣ ያኔ የሌቭሏን መታረም ከንቱ ያደርገዋል፤ እግሮቹን ቆርጦ ጠፍጣፋ ማድረግ ነው። 1 በመቶ ዝቅታ ሲይዙም ሲባጎው በማፋሰሻው በኩል ባለው እንጨት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚታሰር አይርሱ፤ መሬቱ ዝቅ የሚለው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። ይህን ገልብጦ ማሰር ከጎበጠ መንጠቆ ያላነሰ ጉዳት ያመጣል፣ በመገልበጡ ፍተሻም አይያዝም።

ሲጨርሱ ቀኑንና የቀረውን ስሕተት በፕላስተር ላይ ጽፈው ሌቭሏ ላይ ይለጥፉ፣ በባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ወይም በጠንካራ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጧት፤ ከመዶሻና ከችካል ጋር በአንድ ከረጢት አትግባ። በጥር ከመጋዘን የሚወጡትን ሌቭሎች ደግሞ የመጀመሪያው ችካል ከመተከሉ በፊት አንድ በአንድ ገልብጠው ይፈትሹ። ወድቃ የተነሳችን ሌቭል ሳይፈትሹ ለማንም አይስጡ።